ፓይተን፦ የውስጡ ፈንክሽን የውጪውን ቫሪያብል ያነባል፣ ልቀይረው ስል ግን ኤረር ይሰጣል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። «ቆጣሪ» የሚባል ፈንክሽን አለኝ፤ ውስጡ ብዛት = 0 ተብሏል። እዚያው ውስጥ ከሥሩ «ጨምር» የሚል ሌላ ፈንክሽን አለ፤ ሥራው ብዛት += 1 ብሎ ብዛትን መመለስ ነው። ጨምርን ስጠራው «አንባውንድ ሎካል ኤረር» ይላል። የመደመሩን መስመር አጥፍቼ ብዛትን ፕሪንት ሳደርግ ግን 0 ያወጣል። ማንበብ ከቻለ መቀየር ለምን አቃተው?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ፓይተን ስሙ ሎካል (የፈንክሽኑ የራሱ ብቻ) ይሁን አይሁን የሚወስነው ፈንክሽኑ ሲጠራ ሳይሆን ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ (ከመሮጡ በፊት ሲተረጎም) ነው። በፈንክሽኑ ውስጥ የትም ቦታ ለስሙ ዋጋ የሚሰጥ መስመር ካለ፣ ስሙ ከላይ እስከ ታች ሎካል ይሆናል። += ደግሞ ዋጋ መስጠት ነው። ስለዚህ ጨምር የራሱን ብዛት ሊያነብ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ገና ባዶ ነው። ፕሪንቱን ከመደመሩ በላይ አድርገህ ሞክረው፤ ኤረሩ እዚያው ፕሪንቱ ላይ ይመጣል።

ዋጋ የሚሰጥ መስመር ከሌለ ግን መጀመሪያ ራሱ ውስጥ፣ ቀጥሎ በሚያቅፈው ፈንክሽን፣ ከዚያ በፋይሉ፣ በመጨረሻ ፓይተን ይዞት በሚመጣው ስም ይፈልጋል። 0 ያገኘኸው ለዚህ ነው።

የጨምር የመጀመሪያ መስመር ላይ «ኖንሎካል ብዛት» ጻፍ፤ ብዛት የራሱ ሳይሆን የሚያቅፈው ፈንክሽን መሆኑን ይነግረዋል። ከፓይተን 3 ጀምሮ አለ።

ጠያቂው
ሠራ፣ እግዜር ይስጥልኝ! በፊት በኖንሎካል ፈንታ «ግሎባል» ስለው ኔም ኤረር (ስሙ አልተገኘም የሚል) ነበር ያወጣው። የውጪው ቫሪያብል ሊስት (ዝርዝር) ሆኖ አፔንድ ሳደርግ (መጨረሻው ላይ ስጨምር) ደግሞ ያለ ኖንሎካልም ይሠራል።

መልስ 2
ግሎባል ቆጣሪን ዘሎ በቀጥታ ፋይሉ ላይ ይፈልጋል፤ እዚያ ብዛት የለም። ኤረር ማውጣቱ ጥሩ ሆነልህ፤ ፋይሉ ላይ ሌላ ብዛት ቢኖር ኖሮ ምንም ሳይልህ እሱን ይቀይረው ነበር፣ ይህን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

አፔንድ ሊስቱን ይሞላል እንጂ ለስሙ አዲስ ዋጋ አይሰጥም። በአፔንድ ፈንታ ሊስቱ ላይ += ብትል ግን ያው ኤረር ይመለሳል።

መልስ 3
አንድ ልጨምር፣ ኖንሎካል የማይፈታው ነው። በፎር ሉፕ (ኮድ በሚደጋግም መስመር) ውስጥ ለእያንዳንዱ ሀ (0፣ 1፣ 2) ሀን የሚመልስ ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) ሠርተህ በኋላ ብትጠራቸው ሦስቱም 2 ይሉሃል። ላምዳው የያዘው ስሙን እንጂ በዚያ ቅጽበት የነበረውን ቁጥር አይደለም፤ ሉፑ ሲያልቅ ሀ 2 ላይ ቆሟል። ላምዳ ሀ=ሀ: ሀ ብለህ ጻፈው። የፓራሜትር መነሻ ዋጋ ላምዳው ሲፈጠር ስለሚያዝ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ይይዛል።