በወረዳ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ከማን ይማር?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በጣና ዳርቻ በሚገኝ አንድ ወረዳ በዓሣ ሀብት ባለሙያነት ተመድቤ እሠራለሁ። በጽሕፈት ቤታችን በዚሁ ሙያ የሠለጠነ ሌላ ሰው ስለሌለ የማማክረው አጥቻለሁ። የገባሁባቸው የቴሌግራም ቡድኖችም በሥልጠና ማስታወቂያና በበዓል መልካም ምኞት የተሞሉ ናቸው። በሙያዬ ወደ ኋላ እንዳልቀር፣ የምማርባቸውን ሰዎች ከየት ጀምሬ ላፈላልግ?

መልስ 1፦
ሰው ከመፈለግዎ በፊት ጥያቄዎን ለይተው ይያዙ። «ስለ ዓሣ ሀብት ልማር» ለሚል ሰው ምን ተብሎ ይመለስለታል? ነገር ግን ባርበስ የተባለው ዓሣ በክረምት ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጣ በወንዞቹ አፍ የሚዘረጋውን መረብ እንዴት መቆጣጠር እንደሚቻል ቢጠይቁ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በከተማው የዓሣ ምርምር ማእከል ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ማግኘትዎ አይቀርም። ምክሩን ከሞከሩ በኋላ ውጤቱን ይጻፉለት፤ ጠይቆ ድምፁን የሚያጠፋ ሰው ሁለተኛ ጊዜ አይሰማም።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ የሩቅ ትውውቅን አይናቁ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ የቅርብ ወዳጆቻችን ባመዛኙ እኛ የምናውቀውን ስለሚያውቁ አዲስ መረጃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እምብዛም ከማንገናኛቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ከሚሠሩ ባለሙያዎች ጋር ይተዋወቁ። ለንባብ ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት «አጎራ» በተሰኘው መርሐ ግብሩ የግብርና መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ያቀርባል፤ ምዝገባው በተቋም ስለሆነ በአቅራቢያዎ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ።

መልስ 3፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ደግ ነው፤ እኔ ግን ዓሣ አስጋሪዎቹን አስቀድማለሁ። ማለዳ ታንኳው ዳር ሲደርስ ከቅርጫቱ አጠገብ ቆመው የትኛው ዓሣ ዕንቁላል እንደያዘ፣ በየትኛው መረብና ከወዴት እንደተያዘ ይጠይቁ፤ ቀኑንና ቦታውን ጨምረውም ይመዝግቡ። ተመራማሪዎች ወደ ዳርቻው የሚመጡት አልፎ አልፎ በመሆኑ፣ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ የተያዘ መዝገብ ካለዎት እነሱም እርስዎን ፈልገው ይደውላሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብ። እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆኑ አስጋሪው ተቆጣጣሪ ሊመስሉት ይችላሉ። ለቁጥጥር የሚወጡበትንና ለመማር የሚሄዱበትን ቀን ይለዩ፤ የነገሩዎትንም ሳያስፈቅዱ ከነስማቸው በቡድን ላይ አይጻፉ። አንዴ እምነታቸውን ካጡ በኋላ ስለ መረቡም ሆነ ስለ ዓሣው እውነቱን የሚነግርዎ አያገኙም።