የድንጋዮቼ ስም ጠፋብኝ፣ ነገ ጠዋት አቀርባለሁ! እርዱኝ

ሊያ 9ኛ ክፍል፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይንስ ክበብ ላይ ድንጋዮቼን አቀርባለሁ። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፌ ለጥፌ ነበር። ዛሬ ጣሪያው አፍስሶ ካርቶኑ በሰበሰ፣ ወረቀቱ ሁሉ ተላጠ። አንዱ ጥቁርና ከባድ ነው። አንዱ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። አንዱ ግራጫ ነው፣ አንዱ ቢጫ ነገር። አንዱ ደግሞ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ በጣም ቀላል ነው። የቱ ምንድን ነው? ፎቶ ልልክ ብል ኔትወርኩ እምቢ አለ።

የሳይቱ ልጅ፦ ቀዳዳ ያለው ሬድ አሽ ነው፣ ያ ለግንባታ የምንጭነው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። አለቀ። አንድ ሲኖትራክ ሙሉ ከፈለግሽ እኔ አለሁ ሃሃ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ከስም በፊት አፈጣጠራቸውን እወቂ። ድንጋይ በሦስት ይከፈላል። ከቀለጠ አለት ቀዝቅዞ የተፈጠረው ኢግኒየስ ነው። ደለል፣ አሸዋ ወይም የባሕር ዛጎል ተደራርቦ የጠነከረው ሴዲመንታሪ ነው። በሙቀትና በግፊት የተለወጠው ሜታሞርፊክ ነው፤ የኖራ ድንጋይ እብነ በረድ የሚሆነው እንደዚያ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ድንጋይ ኔፌሊን ሳይናይት ይባላል፤ እሱም ኢግኒየስ ነው፤ መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለቀዘቀዘ የማዕድኑ ቅንጣት በዓይን ይታያል። ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ላይ ወጥቶ ቶሎ ስለቀዘቀዘ ቅንጣቱ ደቃቅ ነው።

ሊያ 9ኛ ክፍል፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ጊዜ የለኝም። ግራጫው የቱ ነው?

ጂኦሎጂ 3ኛ ዓመት፦ በቀለም ብቻ አትሂጂ፣ ቀለም ያታልላል። መጀመሪያ ከየት እንዳመጣሽው ንገሪን። ግማሹ መልስ እሱ ነው።

የሳይቱ ልጅ፦ ሬድ አሽ ነው አልኩ እኮ።

ሊያ 9ኛ ክፍል፦ አጎቴ ሹፌር ነው፣ እሱ ነው ያመጣልኝ። ጥቁሩ፣ ግራጫውና ቢጫው ከአባይ በረሃ ናቸው። የሚያብለጨልጨውና ቀላሉ ከመተሐራ መንገድ።

ጂኦሎጂ 3ኛ ዓመት፦ ይኸው! ይህን ቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ። አባይ በረሃ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርጂ ከላይ ጥቁር ባዛልት ታያለሽ፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ያ ቦታ በጁራሲክ፣ ማለት በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ባሕር ነበር። ከሱ ስር ጂፕሰም የሚባል ለስላሳ ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ስለዚህ ጥቁሩ ባዛልት ሳይሆን አይቀርም። ግራጫው ኖራ ድንጋይ፣ ቢጫው አሸዋ ድንጋይ ይመስለኛል። ግን ሳትሞክሪ አትጻፊ።
ግራጫውን በሚስማር ፋቂውና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ አድርጊ። ጆሮሽን አስጠጊ፤ ሺሺ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ ድንጋይ ነው። በጥፍርሽ ከተጫረና አረፋ ካላወጣ ጂፕሰም ነው። ቢጫውን ጠርሙስ ላይ ፈትጊው። ብርጭቆ ከጫረና የአሸዋ ቅንጣት እጅሽ ላይ ከቀረ አሸዋ ድንጋይ ነው።

ዳዊት ጋራዥ፦ ሎሚ ምን ያደርጋል፣ የባትሪ አሲድ ጠብ አድርጊበት፣ ወዲያው ይፈላል።

ጡረተኛው መምህር፦ እንዳትሞክሪው! የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ወንድሜ፣ ለልጅ እንዲህ አይመከርም። ሎሚው ይበቃል።

እናት ናዝሬት፦ የሚያብለጨልጨው ባልጩት ነው። እኛ ጋ ልጆች ያነሱታል። ስለቱ እንደ ምላጭ ነው፣ በጨርቅ ያዢው።

ጂኦሎጂ 3ኛ ዓመት፦ ትክክል፣ ኦብሲዲያን ነው። ቶሎ ስለቀዘቀዘ ክሪስታል መሥራት ያቃተው የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ። የጥንት ሰዎች ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለው መልካ ቁንጡሬ ላይ መሣሪያ ይሠሩበት ነበር፤ ቦታው በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ነገ ይህን ተናገሪ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ይሰማሻል። ለማሳየት ብለሽ ግን እንዳትሰብሪው፣ ስንጥሩ ዓይን ውስጥ ይገባል። ቀላሉን ድንጋይ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣይው። ከተንሳፈፈ ፑሚስ ነው፣ በአየር ቀዳዳ የተሞላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፤ ከሰመጠ ሬድ አሽ።

ተጠራጣሪው፦ ለመሆኑ ስሙን መሸምደድ ምን ይጠቅማል? ልጆች የድንጋይ ስም ይደረድራሉ፣ ከቤታቸው በር ላይ ያለውን ኮብልስቶን ግን አያውቁትም። እኔ ብሆን ስም ሳልጽፍ ያየሁትን ብቻ አቀርብ ነበር።

ጂኦሎጂ 3ኛ ዓመት፦ ያየችውን ትጻፍ፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን ስም ከሌለው ከሌላ ሰው ጋር እንዴት ትነጋገርበታለች? ሁለቱም ያስፈልጋል።

ሊያ 9ኛ ክፍል፦ ተንሳፈፈ!!! ቀላሉ ተንሳፈፈ! ቀለሙም ነጣ ያለ ነው። ሎሚ ልገዛ እየሄድኩ ነው፣ ሱቁ ሳይዘጋ።

የሳይቱ ልጅ፦ እሺ ተሸንፌያለሁ፣ ሬድ አሽ አይንሳፈፍም።

እናት ናዝሬት፦ ወረቀት አትለጥፊ የኔ ልጅ። ድንጋዩ ጥግ ላይ ነጭ ኮሬክተር ቀቢ። ሲደርቅ ቁጥር ጻፊበት፣ ከላይ ቀለም የሌለው ኩቴክስ ደርቢበት። ውሃ አያጠፋውም።

ጂኦሎጂ 3ኛ ዓመት፦ እኛም ፊልድ ስንወጣ እንደዚሁ ቁጥር እንሰጣለን። ደብተር ላይ ከቁጥሩ ጎን ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከገደሉ ላይ የተነቀለ ይሁን መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘ ጻፊ። ወድቆ የተገኘ ድንጋይ ከላይ ተንከባሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል። አጎትሽን ዛሬውኑ ጠይቂው።

ጡረተኛው መምህር፦ ሊያ፣ ግራጫው አረፋ አወጣ ወይስ አላወጣም?

ዳዊት ጋራዥ፦ ሊያ ጠፋችሳ። የኔም ልጅ 7ኛ ክፍል ነው፣ ድንጋይ ይወዳል። እሁድ አባይ በረሃን ወርጄ በደጀን በኩል አልፋለሁ፣ የት ቆሜ ላንሳለት?

ጂኦሎጂ 3ኛ ዓመት፦ ቁልቁለቱ ላይ አትቁም፣ ናዳ አለ፣ ከባድ መኪናም ይበዛል። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ከመንገድ ወጥተህ አቁም። ጭብጥህን የሚያህል ይበቃል። ቦታውን እዚያው ቆመህ ጻፍ፣ ቤት እስክትደርስ አታቆይ።