ዊንዶውስ 11 ለማይቀበል የቤት ኮምፒውተር የቱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልምረጥ? አፕዴቱንስ እንዴት ልቆጣጠረው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። አንደኛው ስድስተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም እና የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ያለው ዴስክቶፕ ሲሆን እስካሁን የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው፤ ሁለተኛው ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት የመጣ ላፕቶፕ ነው። ዴስክቶፑ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት እንደማያሟላ ደጋግሞ ያሳውቀኛል። ላፕቶፑ ደግሞ ሥራ ላይ እያለሁ አፕዴት ለመጫን ሪስታርት ያደርጋል፤ የኢንተርኔት ዳታዬንም ይጨርስብኛል። ዴስክቶፑን ልጆቼ ለትምህርት፣ እኔ ደግሞ ለጽሑፍና ለኤክሴል ሥራ እንጠቀምበታለን፤ ስካነርም አለው። መስፈርቱን በሚያልፍ ዘዴ ዊንዶውስ 11ን ልጫንበት ወይስ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ይሻለኛል? አፕዴትን ጨርሶ መዝጋትስ ይቻላል?

መልስ 1

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ እባክዎ አፕዴትን ጨርሰው አይዝጉት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የኮምፒውተሮችን ፋይል ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለግል ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው ማራዘሚያም እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ድረስ የደኅንነት አፕዴት ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ቢመዘገቡበት ለመወሰኛ የሚሆን ጊዜ ያገኛሉ እንጂ ችግሩ አይፈታም።

መስፈርቱን በማለፍ መጫን ይቻላል፤ ሆኖም አልመክረውም። ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ለማያሟሉ ኮምፒውተሮች አፕዴት ስለመድረሱ ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ አስታውቋል። ሲስተም የምንቀይረው አፕዴት እንዳይቋረጥብን ከሆነ፣ አፕዴቱ አስተማማኝ ወዳልሆነበት ሲስተም መሄድ ትርጉም የለውም።

መልስ 2

ስለ ላፕቶፑ። ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ቀጥሎም አድቫንስድ ኦፕሽንስ የሚለውን ይክፈቱና አክቲቭ አወርስ በሚለው ሥር የሥራ ሰዓትዎን ይሙሉ፤ እስከ 18 ሰዓት ድረስ መሙላት ስለሚቻል ሙሉውን ቀን ይሸፍንልዎታል፣ በዚያ ሰዓት ውስጥም በራሱ ሪስታርት አያደርግም። ለዳታው ደግሞ የተገናኙበትን ዋይፋይ ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የተወሰነ ግንኙነት) አድርገው ይመዝግቡት፤ ያን ጊዜ አብዛኛውን አፕዴት እርስዎ ካላዘዙት አያወርድም። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለውንም ይመልከቱ፤ ያወረዱትን አፕዴት በኢንተርኔት ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያካፍል ምርጫ ስላለው ያጥፉት።

ዋናው የደኅንነት አፕዴት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ይወጣል። እኔ ጥቂት ቀን አቆይቼ፣ ችግር አለመነሣቱን አይቼ በእጄ እጭናለሁ። አፕዴትን ለጊዜው የሚያቆመው ፖዝ የሚለው ምርጫ እስከ አምስት ሳምንት ያቆይልዎታል፤ ይህን ያህል ማቆየት ግን ለእኔ ከልክ ያለፈ ነው።

መልስ 3

ለዴስክቶፑ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት ተስማሚ ይመስለኛል፤ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው የስክሪኑ አቀማመጥ እንግዳ አይሆንበትም። ሚንት 22 የተሠራው ኡቡንቱ 24.04 በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሲሆን እስከ 2029 ድረስ አፕዴት ያገኛል። ቢቻል ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን የዲስክ ዓይነት ይቀይሩት፤ ከየትኛውም የሲስተም ለውጥ ይልቅ ፍጥነቱን የሚያሻሽለው ይህ ነው። አፕዴቱም ለእርስዎ ጠባይ ይስማማል፤ አዲስ ነገር ሲኖር ያሳውቅዎታል እንጂ በሥራ መሀል ሪስታርት አያደርግም። ከአፕዴት በፊት ታይምሺፍት በሚባለው ፕሮግራም የሲስተሙን ቅጂ ቢይዙ፣ ችግር ሲፈጠር ወደ ነበረበት መመለስ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ታይምሺፍት የሚይዘው ሲስተሙን እንጂ የግል ፋይልዎን ስላልሆነ፣ ለፋይልዎ የተለየ ባክአፕ ያስፈልጋል።

ከመጫንዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ሚንትን ፍላሽ ላይ ጽፈው ከፍላሹ ያስነሡት፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሳይነካ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ስካነሩን መሞከር ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በወርድና በኤክሴል ፈንታ የሚያገለግለው ነጻ ፕሮግራም ሊብረኦፊስ በዊንዶውስም ላይ ስለሚሠራ አሁኑኑ ጭነው የኤክሴል ፋይሎችዎን ይክፈቱበት። ተራ ሠንጠረዥና ቀመር በደንብ ይከፈታል፤ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት ፋይል ግን ብዙ ጊዜ ያስቸግራል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ፈትሻለሁ። ዋይፋዩና ድምፁ ወዲያው ሠሩ፤ የልጆቹም የትምህርት ድረ ገጾች ተከፍተዋል። ስካነሩን ግን አላወቀውም፣ ማክሮ ያለበት አንድ ፋይሌም አልሠራም። ስለዚህ ሊኑክስን ልተወው?

መልስ 1

አይተዉት። ስካነሩንና ያንን አንድ ፋይል ወደ ላፕቶፑ ያዛውሯቸው፤ ዊንዶውስ ግድ የሚላቸው ሥራዎች እዚያው ይሠሩ፣ ዴስክቶፑ ለልጆቹና ለጽሑፍ ይሁን። ሁለቱን ሲስተም በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን መጫንም ይቻላል፤ ግን ድጋፉ ያበቃውን ዊንዶውስ 10 ለስካነር ብላችሁ እያስነሣችሁ ኢንተርኔት መጠቀማችሁ ስለማይቀር አልወደድኩትም።

መልስ 3

እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሲጭኑ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ፋይሎቹን አስቀድመው ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ፤ መገልበጡን ብቻ አይመኑ፣ ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ሰክተው ከየአቃፊው ጥቂት ፋይል ከፍተው ይመልከቱ። በብሮውዘሩ ውስጥ ያስቀመጧቸውን የይለፍ ቃሎችም አይርሱ፤ እነርሱ ከሰነዶቹ ጋር አብረው አይገለበጡም።