62 ካርድ፣ ሁለት መስመር፣ ሦስት ቀን

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ። የካርዱ የአስተያየት ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ለ62 ተማሪ «ጎበዝ ነው፣ በርታ» ከማለት ያለፈ ነገር በሦስት ቀን እንዴት ይጻፋል?

መልስ 1፦ መምህር፣ በቀን 21 ልጅ ይያዙ። ከሮስተሩ (ከውጤት መዝገቡ) ጋር የሂሳብና የአማርኛ ደብተራቸውን አጠገብዎ ያድርጉ፤ ውጤት ብቻ ካዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንብዎታል። የመጀመሪያው መስመር የሚችለው፣ ሁለተኛው ቤት የሚሠራው፦ «ማባዛት ላይ ፈጣን ናት፤ ስታካፍል ግን ቀሪውን መጻፍ ትረሳለች። በቀን 3 ጥያቄ ትሥራ።» «በርቺ» ለወላጅ ምንም አይነግርም። ለሚቀጥለው ሴሚስተር በስም ዝርዝሩ ጎን ዓምድ ያስምሩና በሳምንት ለ8 ልጅ ያዩትን በአጭሩ ይመዝግቡ፤ በ8 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳሉ።

መልስ 2፦ «ረባሽ»፣ «ሰነፍ» እንዳይጽፉ፤ ቤት ሲደርስ ዱላ ነው የሚያስከትለው። ያዩትን ይጻፉ፦ «ከኋላ ሲቀመጥ ያወራል፣ ፊት ሲቀመጥ ይጽፋል።» ደረጃውንም አይድገሙት፣ ካርዱ ላይ አለ። ሌላው የተለመደ ስህተት ጾታ ነው፤ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ሲገለብጡ «ናት» «ነው» ይሆናል። ሴቶቹንና ወንዶቹን ለይተው ይጻፉ። ደስታ የሚባል ስም ካለማ ሮስተሩን ሁለት ጊዜ ማየት ነው።

መልስ 3፦ መጀመሪያ በእርሳስ፣ በሌላ ወረቀት። ካርድ ላይ ስርዝ ድልዝ ካለ ማርክ የተነካ ይመስላል። ደግሞ ማንበብ ለማይችል ወላጅ የሚያነብለት ልጁ ራሱ ነው፤ ከባዱን ነገር ካርድ ሲሰጥ ለወላጁ በቃል ይንገሩት፣ አለዚያ ተዘሎ ይነበባል።