የሌላ ሰው ፍርድ ለእኔ ልጅ ይሠራል እንዴ?

አክስቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ስታርፍ ልጇ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት እኔ ጋ አደገች። አባቷ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ አያውቅም። ዘንድሮ "ልጄን" ብሎ ከሰሰኝ። ጠበቃዬ "አይዞሽ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የወሰነው አለ" ይለኛል። ግን የሌላ ሰው ጉዳይ አይደል? እኛ አገር ዳኛ በአዋጅ ነው የሚፈርደው ሲባል ነው የማውቀው። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሕግ ተማሪ፦
እህቴ አይዞሽ። የሚልሽ የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 መሆን አለበት። በ2000 ዓ.ም. የተወሰነ ነው፣ እዚያም ልጁን ያሳደገችው አክስት ናት። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ፈርደው ነበር፤ ሕጉ ላይ ላዩን ሲነበብ እናት ከሞተች ሞግዚቱ በሕይወት ያለው ወላጅ ነውና። ሰበር ሻረው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ስለ ሕፃን ሲወሰን የሕፃኑ ጥቅም ይቅደም ይላል፣ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም እንዲሁ፣ ስለዚህ ዳኛ አባትነቱን ብቻ አይቶ ማቆም አይችልም ማለት ነው። በአዋጅ 454/1997 ደግሞ ሰበር በአምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራሉንም የክልሉንም ፍርድ ቤት ያስገድዳል። አዋጁ በ1234/2013 ቢተካም አስገዳጅነቱ አልቀረም። የአንድ ልጅ መዝገብ ለስንቱ ልጅ ደረሰ!

ችሎት የለመደ፦
ልክ ነው፣ ግን የሚያስገድደው የሕግ ትርጉሙ እንጂ ፍሬ ነገሩ፣ ማለትም በዚያ ጉዳይ የሆነው ነገር፣ አይደለም። አባትየው እንዳልጠየቃት የምታስረጂው አንቺ ነሽ። የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ ጎረቤት ምስክር፣ ሁሉንም ሰብስቢ።

ደሳለኝ፦
እኔን ግን ይከነክነኛል። አምስት ዳኛ የተረጎመው ፓርላማ ሳይወያይበት ለመላው አገር ይሠራል ማለት እኮ ነው። ቢሳሳቱስ?

ሕግ ተማሪ፦
ወንድሜ ስጋትህ ይገባኛል። ሰበር ራሱ ትርጉሙን መለወጥ ይችላል፣ ለውጦም ያውቃል። ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚል ደግሞ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያመለክታል፣ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ያለ ሰበር ግን አንዱ ዳኛ ለአክስት፣ ሌላው ለአባት እየፈረደ የልጅ ዕጣ በዳኛው ይወሰን ነበር።

አክስቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዶቹን ዛሬ ማታ ከሣጥን አወጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ልጅቷን ዳኛ ቢጠይቃት አባቷ ፊት ነው? በጣም ትፈራለች።

ችሎት የለመደ፦
ለብቻዋ በቢሮ እንዲያናግሯት ጠበቃሽ አስቀድሞ ያመልክት። ዛሬውኑ ንገሪው።