የሃላስን ቦታ የነጠቀው ቤብ ሩት ነው?

ጥያቄ፦ የቅዳሜው አዘጋጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለሚኖሩ ልጆቻችን ቅዳሜ የስፖርት ጥያቄና መልስ ውድድር አለን። አንዱ ጥያቄዬ «የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሆነው የቺካጎ ቤርስ መሥራች ጆርጅ ሃላስ ለኒውዮርክ ያንኪስ ቤዝቦል ሲጫወት ቦታውን የነጠቀው ማን ነው?» ይላል። መልሱን ዝነኛው የቤዝቦል ተጫዋች ቤብ ሩት ብዬ ይዣለሁ። ባለፈው ዓመት በትክክል የመለሰን ልጅ «ተሳስተሃል» ብዬው ዓይኑ እንባ ሲያቀር አይቻለሁ። አሁንም እንዳይደገም እባካችሁ አረጋግጡልኝ።

መልስ፦ የአሌክሳንድሪያው
ልክ ነው ወንድሜ። የሥራ ባልደረቦቼ ዘወትር የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

መልስ፦ የድሮ ተመልካች
ብዙ ሰው ያወራዋል፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም። ሃላስ ለያንኪስ የተሰለፈው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፤ ያውም በ12 ጨዋታ ብቻ። ዳሌውን ተጎድቶ ነበር፤ ኳስ ለመምታት ዱላ ይዞ 22 ጊዜ ቀርቦም የተሳካለት 2 ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ሩት ገና የቦስተን ሬድ ሶክስ ተጫዋች ነበር፤ 29 ሆም ረን (አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ከሜዳ ውጭ የሚያወጣ ምት) መትቶ ክብረ ወሰን የሰበረውም እዚያው ሆኖ ነው። ለያንኪስ መሸጡ ይፋ የሆነው በጥር 1920 ሲሆን፣ ሃላስ ያን ጊዜ ቡድኑን ለቅቋል። በ1919 በዚያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተጫወተው ሳሚ ቪክ ነው። ጥያቄውን ይሰርዙት።

መልስ፦ እናት ከቺካጎ
ሃላስን ግን አይተዉት! ቡድኑን በ1922 ለምን «ቤርስ» እንዳለው ይጠይቁ። የሚጫወቱት በቤዝቦሉ ቡድን በካብስ ሜዳ ነበር። ካብስ ግልገሎች ማለት ነው፤ የፉትቦል ተጫዋቾች ደግሞ ይገዝፋሉና ድቦች ተባሉ። የእኔ ልጆች ይህንን አንዴ ሰምተው አልረሱትም።
የዛሬው ኤን ኤፍ ኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) የተመሠረተበት ስብሰባም ደስ ይላል። መስከረም 1920፣ ካንተን ኦሃዮ፣ መኪና መሸጫ ውስጥ ነው የተሰበሰቡት። ወንበር ስላልበቃ ሃላስና ሌሎቹ የመኪኖቹ መወጣጫ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጂም ቶርፕ ሆነ፤ እርሱም በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ያሸነፈ፣ ኋላም ለኒውዮርክ ጃያንትስ ቤዝቦል የተጫወተ ሰው ነው።

መልስ፦ የድሮ ተመልካች
ለትልልቆቹ አንድ ልጨምር፦ በወርልድ ሲሪስም (የቤዝቦል ፍጻሜ) በሱፐር ቦውልም (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) የተጫወተው ማን ነው? ዲዮን ሳንደርስ። «ያሸነፈ» ብለው እንዳይጽፉ፤ ሱፐር ቦውልን ከሳን ፍራንሲስኮና ከዳላስ ጋር ወስዷል፣ በ1992ቱ ወርልድ ሲሪስ ግን የእርሱ አትላንታ በቶሮንቶ ተሸንፏል። ቦ ጃክሰን የሚል ልጅ አይጠፋም። ጃክሰን በሁለቱም ስፖርት ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል፤ ከሁለቱ ፍጻሜዎች ግን አንዱንም አልተጫወተም።

እናት ከቺካጎ
ለመሆኑ ያ ልጅ ልክ እንደነበረ ተነግሮታል?

የቅዳሜው አዘጋጅ
አልተነገረውም። ቅዳሜ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ሁሉም በተሰበሰበበት እነግረዋለሁ። የሩትን ጥያቄ ሰርዤ የድቦቹን አስገብቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።