ቀለበት ማስፋት አያትና ለገጣፎ አካባቢ ስንት ይጠይቃል?

ከለገጣፎ
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ የተገዛ ባለ 14 ካራት ቢጫ ቀለበት ከቁጥር 6 ወደ 7 ተኩል ማስፋት ፈልጌ ነበር። ወርዱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.6፣ ግማሽ ዙሩ ትንንሽ አልማዝ ነው። አንዱ ወርቅ ቤት «አንድ ግራም ወርቅ ይገባበታል» ብሎ ሁሉንም ጠቅልሎ ዋጋ ጠራ። ሌላው ደግሞ «ወርቅም አያስፈልገው፣ እንለጥጠዋለን» ይላል፤ በጣም ርካሽ ነው። የቱን ልመን?

ወርቅ ሠሪ፣ ሰሚት
ሁለቱንም አትቀበዪ፣ እህቴ። ሒሳቡን እንየው። የአሜሪካ ቁጥር በአንድ ከፍ ሲል የቀለበቱ የውስጥ ዙሪያ 2.55 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። አንድ ተኩል ቁጥር ማለት 3.8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በወርዱና በውፍረቱ ስታባዢው 18 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይመጣል። የ14 ካራት ቢጫ ወርቅ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 13 ግራም ገደማ ስለሚመዝን የሚገባው ቁራጭ 0.24 ግራም ነው፤ ሩብ ግራም እንኳ አይሞላም። ንጹሕ ወርቁ ደግሞ 0.14 ግራም ብቻ ነው። ለሞረድ እንዲተርፍ ሲቆረጥ ትንሽ ሊረዝም ይችላል፤ ትርፉ ግን የሠሪው ነው፣ አንቺ የምትከፍዪው ቀለበቱ ላይ ለሚቀረው ነው።

ስለዚህ ከወርቁ ይልቅ ዋናው ወጪ የእጅ ዋጋው ነው። መቁረጥ፣ መክፈት፣ ቁራጩን አጥፎ ማስገባት፣ መበየድ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል፣ ፖሊሽ ማድረግ፣ ፈርጦቹን አንድ በአንድ መፈተሽ። ይህን ሁሉ ለሚሠራ ሰው ተገቢውን ዋጋ መክፈል ያስቆጫል አልልም። የሚያስቆጨው በሌለ 0.76 ግራም ስም ሲከፈል ነው።

ዋጋውን ሲነግሩሽ ሦስቱን ለይተው ይንገሩሽ፦ የወርቁን፣ የእጁን፣ የፈርጡን። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተካትቶ እንደሆነም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ደረሰኝ ሲመጣ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው።

ከጀሞ
በብር ስንት ነው ለሚለው እዚህ ቁጥር መጻፍ ዋጋ የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬ የወርቅ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ቀመሩን ያዙ፦ የዕለቱ የ24 ካራት የግራም ዋጋ በ0.585 ተባዝቶ በክብደቱ ሲባዛ የወርቁ ዋጋ ነው። ለ18 ካራት 0.75፣ ለ21 ካራት 0.875 ይሆናል። ቀለበቱ ውስጥ የታተመውም ያው ነው፤ 417 ካለ 10 ካራት፣ 585 ካለ 14፣ 750 ካለ 18፣ 875 ካለ 21።

ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ ለተራ የወርቅ ቀለበት ከ50 እስከ 150 ዶላር ይጠየቃል። ፈርጥ ሲበዛ ይጨምራል። የገዛሽበት ቤት የመጀመሪያውን ማስፋት በነፃ የሚያደርግ ከሆነና መመላለስ ካለሽ ለዚያ አቆዪው።

ወርቅ ሠሪ፣ ሰሚት
ስለ መለጠጡ። ፈርጥ የሌለው፣ ወጥና ወፍራም ቀለበት ከሆነ ግማሽ ቁጥር መለጠጥ ችግር የለውም፣ ሥራውም የደቂቃዎች ነው። ያንቺ ግን ግማሹ ፈርጥ ነው፤ ፈርጥ ያለበት ወገን በደንብ አይለጠጥም፣ ፈርጥ የሌለበት ወገን ብቻውን ይሳሳል። ከ52 ወደ 55.7 ሚሊ ሜትር ሲሄድ ዙሪያው 7 በመቶ ነው የሚያድገው፤ ይህ ሁሉ ከታችኛው ግማሽ ከመጣ ያ ወገን ወደ 15 በመቶ ይለጠጣል ማለት ነው። ቀድሞ የተበየደ ቦታ ካለ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ፈርጥ የያዙት ጥፍሮችም ይከፈታሉ።

በቁረጥና ጨምርም ቢሆን የላይኛው ቅስት ስለሚላላ ከአንድ ተኩል በላይ አልመክርም። ዙሩን ሙሉ ፈርጥ የያዘ ቀለበት ደግሞ አይሰፋም፤ እሰፋዋለሁ የሚል ካለ እንዴት ብለሽ ጠይቂው።

ከአያት
ሙቀቱስ አልማዙን አይጎዳውም? ኤመራልድ ያለበት ሌላ ቀለበትም አለ።

ወርቅ ሠሪ፣ ሰሚት
የመበየጃ ወርቅ የሚቀልጠው ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። አልማዝ ይችለዋል፤ ግን በአልኮል የተበጠበጠ ቦሪክ አሲድ ካልተቀባ ላዩ ጭጋግ የመሰለ ሆኖ ይወጣል፣ ያ ደግሞ በፖሊሽ አይለቅም። ጥንቁቅ ሠሪ ታችኛውን ሲያሞቅ ላይኛውን በእርጥብ ነገር ይሸፍናል፣ ትኩሱንም ውኃ ውስጥ አይነክርም። ኤመራልድ፣ ኦፓል፣ ዕንቁ (ሉል) ግን ለእሳት አይሆኑም። ወይ ይነቀላሉ፣ ወይ በሌዘር ይበየዳል። ነቅሎ የመመለሱ ዋጋ በፈርጥ ስለሚቆጠር የአንድ ኤመራልድ ቀለበት ወጪ ከአልማዙ ሊበልጥ ይችላል። የወሎ ኦፓል ያለበትን ሳይነቅል እሳት የሚያስጠጋ ሰው ካያችሁ ቀለበታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ነጭ ወርቅ ከሆነ ከብየዳ በኋላ ሮዲየም (ነጭ መልክ የሚሰጠው የብረት ቅብ) መቀባት አለበት። ያንን ሁሉም ቤት አይሠራም፣ ዋጋው ለብቻው ነው። ወርቅ ቅብ፣ ቱንግስተንና ቲታኒየም ለዚህ ሥራ ባታመጡ ይሻላል።

ከለገጣፎ
ዛሬ የጠየቅኩት ሰው «14 ካራት የለኝም፣ 18 ላስገባ» አለ። ይሆናል?

ወርቅ ሠሪ፣ ሰሚት
ይያያዛል፤ ቀለሙ ግን ደመቅ ይላል፣ ለዓይን መሥመር ይሠራል። ከ18 ካራት ላይ ብርና መዳብ ጨምሮ ወደ 14 ማውረድ ለሠሪ ቀላል ነው። 1 ግራም ባለ 18 ካራት ወስዶ 0.28 ግራም ማዳቀያ ሲያቀልጥበት 14 ይሆናል። ይህን ካላወቀ ሌላ ፈልጊ። በተገላቢጦሽ ባለ 21 ካራት ቀለበት ላይ 14 እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ሲሸጥ በዝቅተኛው ካራት ይገመታል።

ከጀሞ
አንድ ነገር ልጨምር። ከከተማው ዳር ያሉ ወርቅ ቤቶች ራሳቸው ይሠራሉ ወይስ ይልካሉ የሚለውን ጠይቁ። የሚልኩ ከሆነ የሠሪው፣ የሱቁና የመመላለሻው ዋጋ በላዩ ላይ ይደረባል፤ ቀለበቱም በስንት እጅ እንደሚያልፍ አይታወቅም። መርካቶ ወይም ፒያሳ ድረስ ሄዶ ሠሪውን በቀጥታ ማነጋገር የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። በጥርና ከፋሲካ ማግስት ግን በሠርግ ሥራ ስለሚጨናነቁ ሥራውን በችኮላ ይሠሩታል። በዐቢይ ጾም ብትሰጡ እረፍት ባለው እጅ ይሠራላችኋል።

ከአያት
ልኩንስ መቼ ነው የምንለካው? ከአውሮፕላን ወርጄ ቀጥታ ልሂድ?

ወርቅ ሠሪ፣ ሰሚት
አይሆንም። ከረጅም በረራ በኋላ ጣት ያብጣል፤ ጥቂት ቀን ይለፍ። ጠዋት በብርድ ደግሞ ይጠብባል፣ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ለኩ። ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀለበት ከቀጭኑ ግማሽ ቁጥር ይፈልጋል። መለኪያው አንጓችሁን ትንሽ ታግሎ ማለፍ አለበት፤ ያለ ትግል ካለፈ ሰፍቷል።

ቀለበቱን ስታስረክቡ በዓይናችሁ ፊት ይመዘን። ሚዛኑ 0.01 ግራም የሚያሳይ ይሁን፤ በ0.1 የሚቆጥር ሚዛን ሩብ ግራምን 0.2 ወይም 0.3 ብሎ ያልፈዋል። ክብደቱ፣ ካራቱ፣ የፈርጡ ብዛት ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ ፎቶም አንሱት። ስትረከቡ እንደገና ይመዘን። የብየዳውን ቦታ ከውስጥ በኩል በጥፍር ዳስሱት፤ ጥፍር ከያዘ ወይም ትንንሽ ቀዳዳ ካለ እዚያው ይመለስ። ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ በጣት ብትመቱት የላላ ፈርጥ ይንኳኳል።